ከሥር ጥጥ

ዳቦ ጋጋሪው ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮው ላይ አላነሳውም። ሚስቱ ጥላው ወደ አባቷ ቤት ከሄደች ሳምንታት አልፈዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከወዲያ በኩል የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የአማቱ ነበር። አማቱ ደግሞ ስለ ልጃቸው ትንፍሽ አላሉም። የተናገሩት ስለ ልብስ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት ዳክዬ አደን እሄዳለሁ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉት። «እሺ አባባ» ብሎ ሳይጨርስ ቀጠሉ። «ከቤት ስትወጣ ትንሽ በረድ እንዲልህ አድርገህ ልበስ። ገና በር ላይ ከሞቀህ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።» ከዚያ ስልኩ ጥርቅም አለ።

በረድ እንዲልህ አድርገህ ልበስ! ሰው የሚለብሰው እንዳይበርደው መስሎት ነበር እስከዛሬ የኖረው። ስድብ ይሁን ምክር፣ ተግሣጽ ይሁን ቀልድ፣ ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው ሊገባው አልቻለም። የሰውዬው ንግግር ድሮም ቁጥብ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ሽቦ ሲቀጥሉ ስለኖሩ፣ ታች መሬት ላይ ላለ ሰው እንደሚወረወር ሁሉ አጭር አጭር ቃል ጣል እያደረጉ ማለፍ ለምደዋል።

ዋናው ግራ የገባው ግን የልብሱ ነገር አልነበረም። ሚስቱ ለምን እንደሄደች አያውቅም። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ሻንጣዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኛት። «ምን አደረግኩሽ?» አላት። «ይኸው፣ እሱን አለማወቅህ» አለችና ወጣች። ይሄም መልስ ሆኖ! ከዚያ ወዲህ ራሱን እንደ ዱቄት ሲነፋ ከረመ። አይጠጣም። አያመሽም። ሴት ቀና ብሎ አያይም፤ ሌሊቱን ከሊጥ ጋር ሲታገል የሚያድር ሰው ለማየትስ መቼ ጊዜ አለው? እጁን አንስቶባት አያውቅም። ቤታቸው ዳቦ አጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ወንፊቱ ላይ የቀረው ጥፋት የቱ ነው? ምንም ሊያገኝ አልቻለም፤ እሷ ግን ሄዳለች። እንደናፈቀችው ለማንም አልተናገረም እንጂ፣ ባዶውን ቤት ከፍቶ በገባ ቁጥር በስሟ ሊጣራ ይዳዳው ነበር። ስለዚህ አማቱ አደን ቢሉት አደን፣ ዋና ቢሉት ዋና ይሄዳል። እሷን ሊመልስለት የሚችል ሰው ካለ እሳቸው ናቸው።

«ጠብመንጃ ይዘው ነው የሚሄዱት?» አለችው ታላቅ እህቱ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ የምትሸጠው እሷ ናት፤ ዳቦውን ከነወሬው አብራ ታስረክባለች።

«ታዲያ ዳክዬ በምን ይገደላል እትዬ? በእርግማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጃቸው አኩርፋ ቤታቸው ገብታለች። አንተን ሰው ወደሌለበት ረግረግ ይወስዱሃል። ደግሞ በርዶህ ና ይሉሃል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው ነገሩ።» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

እሱ አልሳቀም። ሳቁ አልፎላት ስታየው ፊቱ እንደ ትናንት ዳቦ ደርቋል፤ አዘነችለት። «ይልቅ ስማኝ» አለችው። «የአባታችንን ካፖርት ልበስ። አንድ ወፍራም ነገር ከበቂ በላይ ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።»

ልብስ ሊገዛ የሄደበት ሰልባጅ ነጋዴ ግን ይህን ሲሰማ በልብስ ክምሩ ላይ ተደግፎ አንገቱን ነቀነቀ። «አንድ ወፍራም? ማን ነው እንዲህ ያለህ? ስስ ስስ ሆኖ ብዙ ነው የሚለበሰው። የሚያሞቅህ ልብሱ አይደለም ወንድሜ፣ በልብስና በልብስ መሃል ያለው አየር ነው።»

«ታዲያ አየሩን ሽጥልኛ።»

«አየሩን ከነልብሱ ነው የምሸጠው።» ከክምሩ ውስጥ ሁለት ሹራብና ነጭ የጥጥ ካናቴራ መዝዞ አወጣ። «ከሥር ይሄን ጥጥ። ለቆዳ ከጥጥ የተሻለ ገና አልተፈጠረም።»

ወፍራም አንድ፣ ስስ ብዙ፣ በርዶህ ና። ጋጋሪው የገዛውን አንጠልጥሎ ሲመለስ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለችውን አስታወሰና የዶሮዋ ነገር ከምንጊዜውም በላይ ገባው።

በማግስቱ አማቱ ራሳቸው ዳቦ ቤቱ ድረስ ከተፍ አሉ። ሰላምታ ሲሰጣቸው በዱቄት እጁ የእሳቸውን መዳፍ ነጭ አደረገው። ባንኮኒው ላይ አንድ የጨርቅ ቦርሳ አስቀመጡ። «ልጄ ናት የላከችው። ለአደኑ ነው። ከሥር ጥጥ እንዳያደርግ ብላለች።» እህቱ ዳቦ ጠቅልላ ስትሰጣቸው ተቀብለው ወጡ። ጋጋሪው «አባባ፣ እሷስ…» ብሎ ሲከተላቸው በሩ ላይ የቆሙት ደንበኞች መንገድ እስኪለቁለት ድረስ መኪናቸው ተነስታለች።

ቦርሳውን ጓዳ ወስዶ፣ ሊጥ የሚያቦኩበት ጠረጴዛ ላይ ፈታው። ልብሶቹ በሚለበሱበት ተራ ነበር የታጠፉት። ከላይ ስስ የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ቀጥሎ ሳሳ ያለ ሹራብ፣ ቀጥሎ እጅጌ የሌለው ሰደርያ፣ ከሁሉም ሥር ነፋስ የማያስገባው የራሱ ጃኬት። ያኮረፈች ሚስት ልብስ ስትልክ ምን ማለቷ ነው? እንዳይበርደው አስባለት ነው ወይስ እቃውን እየመለሰችለት ነው? አንዴ ደስ አለው፣ አንዴ ከፋው።

ከዚያ ስሱን ሱፍ ዘርግቶ አየው። አዲስ አይደለም። ከመለበስ ብዛት ሳስቷል፤ ክርንና ክርኑ ላይ አልቆ በክር በጥንቃቄ ተጠግኗል። ስፌቱ የሚስቱ እጅ እንደሆነ ጥርጥር የለውም፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ እቤት ተቀምጣ ነው የምትሰፋው፣ የእሷን ክር ከሺህ ክር መሃል ይለየዋል። ግን ልብሱ የእሱ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ለብሶ አያውቅም። የአማቱም አይሆንም፤ እሳቸው ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው ናቸው። ታዲያ የማን ነው? ይሄን ያህል እስኪያልቅ የለበሰው፣ እሷም ቁጭ ብላ ክርኑን የጠገነችለት ማን ነው? ደሙ ፈላ። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። «እሷ እንደዚያ አይደለችም» አለ ጮክ ብሎ፣ ጓዳው ውስጥ ከሊጡ በቀር ሰሚ ሳይኖር። ቢሆንም ጥርጣሬ አንዴ ከገባ እንደ እርሾ ነው፤ ዝም ብለው ቢተዉትም ኩፍ ይላል።

ለቅዳሜ አጥቢያ ምድጃውን ለሌላ ጋጋሪ አስረክቦ ልብሱ ፊት ቆመ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እሱ ግን የተማረው ሁሉ እርስ በርሱ ስለተጣላበት የቀረው መጠምጠሙ ብቻ ነበር። የማን እንደሆነ ያላወቀውን ሱፍ ከገላው ጋር ሊያገናኘው አልወደደም። እንዳይተወው ደግሞ የላከችው እሷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የጥጥ ካናቴራውን አጠለቀ፣ በላዩ ላይ ሌላ ካናቴራ ደገመ፣ ከዚያ ነው ሱፉን ያስከተለው። ቀጥሎ የነጋዴውን ሁለት ሹራቦች፣ የእሷን ሹራብ፣ ሰደርያውን፣ ጃኬቱን። በመጨረሻ የአባቱን ካፖርት ከላይ ደረበ። ሊጥ ሲሸፈን ኩፍ ይላል፣ ሳይሸፈን ይደርቃል፤ ሰውስ ከሊጥ በምን ይሻላል? ክንዱ አልታጠፍ ብሎት የመኪናዋን በር የከፈቱለት ሊወስዱት የመጡት አማቱ ናቸው።

ከላይ እስከታች አዩት። «ሞቀህ?»

«በደንብ ነው የሞቀኝ አባባ!» አለ በኩራት።

አማቱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መኪናዋን አስነሱ። እሱም ያኔ የስልኩ ነገር ትዝ አለውና «አይ፣ ትንሽ ይበርደኛል መሰለኝ» ብሎ ሊያስተካክል ሞከረ። ግንባሩ ላይ ያቸፈቸፈው ላብ ግን ሐሰቱን አጋለጠበት።

መንገድ ላይ ድፍረቱን ሰብስቦ «እሷ… ደህና ናት?» አላቸው።

«ደህና ናት። መስኮቱን ዝጋው፣ ይነፍሳል።»

ሐይቁ ያለው ከኮረብታ ማዶ ነው። መኪናዋን ትተው በእግር ሲነሱ አማቱ ጃኬታቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና በሹራብ ብቻ ዳገቱን ተያያዙት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋጋሪው ይህን ሲያይ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሳዩት መሰለው። «እኔስ ምን ጎደለኝ» ብሎ ከነካፖርቱ ተከተላቸው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጀርባው በላብ ራሰ። ካፖርቱን ሊያወልቅ ፈለገና አፈረ፤ ለብሶ የመጣውን መንገድ ላይ እያንጠባጠበ የሚሄድ ሰው ማን አማች ብሎ ይቆጥረዋል? ከኮረብታው ሲወርዱ ደግሞ ረግረጉ ተቀበላቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት በእግር የሚሄዱበት ነገር መሆኑን ያን ጠዋት ተረዳ።

ሸምበቆ ተከምሮ የተሠራ መሸሸጊያ ውስጥ ገቡ። አማቱ ጃኬታቸውን አውጥተው ደረቡ፤ ኮፍያቸውን እስከ ጆሮ አወረዱ። «አሁን ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉ በሹክሹክታ። «አትንቀሳቀስ። ዳክዬ እንቅስቃሴ ያያል።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ተሰማው፤ ከምድጃ ፊት ዞር ያለ ያህል። ትንሽ ቆይቶ ግን ብርድ መጣ፤ የመጣው ከውጭ አልነበረም። ከነዚያ ሁሉ ሹራቦች ሥር፣ ከገላው ላይ፣ ላብ ከጠጣው ጥጥ ተነስቶ ወደ አጥንቱ ገባ። ጋጋሪው ግራ ገባው። ዕድሜውን ምድጃ ፊት የኖረ ሰው ነው። የሚያውቀው ብርድ ከዳቦ ቤት እስከ ቤቱ ያለውን የመንገድ ብርድ ነው፤ እሱን ደግሞ ወደደውም ጠላውም እየሮጠ ነው የሚያልፈው። ቁጭ ብሎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ መነሳት ሳይፈቀድለት በርዶት አያውቅም። ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑበት። በርዶኛል ማለት ግን አፉ እምቢ አለ፤ ይቺ ቃል ከሱ አፍ ወጥታ አታውቅም።

ሰማዩ ሲገረጣ ዳክዬዎቹ መጡ። ዝቅ ብለው ዞሩና ውሃው ላይ ሊያርፉ ክንፋቸውን ዘረጉ። አማቱ ጠብመንጃውን ቀስ ብለው አነሱ። በዚያች ቅጽበት የጋጋሪው ጥርስ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆነና ገጭ ገጭ ገጭ ማለት ጀመረ። መንጋጋውን በእጁ ቢይዘው እጁም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ዳክዬዎቹ ሽቅብ ተበተኑ፤ ከሐይቁ ማዶም ጠፉ።

አማቱ የሸሹትን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ጥይቱን አውጥተው ጠብመንጃውን ሸምበቆው ላይ አስደገፉና ወደሱ ዞሩ። «አውልቅ።»

«ምኑን አባባ?»

«ሁሉንም።»

የእህቱ አያ ጅቦ ትዝ አለው። ግን ለመፍራት እንኳ በጣም በርዶት ነበር። እያወለቀ ሄደ፤ ካፖርት፣ ጃኬት፣ ሰደርያ፣ ሹራብ፣ ሹራብ፣ ሹራብ። ቁልፉ ለጣቱ አልታዘዝ ሲለው አማቱ ፈቱለት። ሱፉ ወጣ፣ ሥሩ ያለው ካናቴራ ተገለጠ፤ ሲጨምቁት ውሃ ጠብ አለ። ሽማግሌው ከዚያን ቀን በፊት ተቆጥተው አያውቁም ለማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ተቆጡ።

«ጥጥ! አታድርግ አልተባልክም? ከነመልእክቱ አላመጣሁልህም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ ምን ነካህ? ይሄን ሱፍ ከገላህ ጋር ብታደርገው ኖሮ ላብ ቢያርስህም አይገልህም ነበር።»

ጋጋሪው ባዶ ደረቱን አቅፎ ቆሟል። ሰው በዚያ አኳኋን ሆኖ መዋሸት አይችልም። «የማን እንደሆነ የማላውቀውን ልብስ ገላዬ ላይ ማድረግ ከበደኝ» አላቸው።

አማቱ ቁጣቸው በረደ። ትክ ብለው አዩት። «የማን ሊሆን ኖሯል? የሚስትህ ነዋ።»

«የሚስቴ?»

«ዘንካታ ስለሆነች ለአንተም አይጠብህም።»

«እሷ አድና አታውቅም እኮ!»

«አታውቅም። እኔም ወስጃት አላውቅም።» ከቦርሳቸው ደረቅ የሱፍ ልብስ አውጥተው በራሳቸው እጅ እንደ ሕፃን በአንገቱ አጠለቁለት። ለእሱ ሰፊ ነው፤ እጅጌው እስከ ጣቱ ደረሰ። «እኔ ይሄን የለበስኩት ምሰሶ ላይ ነው። ከሥር ምን እንደሚደረግ፣ ከላይ ምን እንደሚደረብ ብርዱ ነው ያስተማረኝ። እሷ ጠይቃኝ አታውቅም። ቦርሳውን ለብቻዋ ሞላችው፣ አንድ ነገር አልተሳሳተችም።» ያረጀውን ሱፍ አንስተው የተጠገነውን ክርን አሳዩት። «እስቲ አንተ ንገረኝ። ምን ስታደርግ ነው ይሄ ያለቀው?»

ጋጋሪው ክርኑን አየ። ሱፉን ለብሳ አይቷት አያውቅም፤ ከሥር የሚለበስ ነገር ነው። ያያት የነበረው ሹራቧን ነው። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጋ ስትሰፋ። ረፋድ ላይ ከምድጃ እሳት እንደወጣ እየተቃጠለ እቤት ይገባል፤ የመጀመሪያ ሥራው መስኮቶቹን ወለል አድርጎ መክፈት ነው፣ ሁለተኛው ማሞቂያውን ማጥፋት። «ይሄ ቤት ደግሞ ምነው ታፈነ!» ይልና ይተኛል። እሱ በካናቴራ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ እሷ ክፍት መስኮት ሥር ተቀምጣ የሰው ልብስ ትሰፋለች። መጀመሪያ ላይ ተነስታ ትዘጋው ነበር፤ ነቅቶ ሲነጫነጭ ተወችው። ስም እንኳ አውጥቶላት ነበር፤ «ብርዷ»። እንግዳ ሲመጣ «የኔ ሚስት በበጋም ሹራብ አታወልቅም» እያለ ያስቅባታል። እሷም ትስቅ ነበር፤ ወይ እሱ የምትስቅ መስሎት ነበር።

«አባባ» አለ። «እሷ ነግራዎታል?»

«ምንም አልነገረችኝም። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም አልጠየቅኩም። ቤቴ ከመጣች ወዲህ ግን በአንድ ቀሚስ ነው ያለችው።» የወለቁትን ልብሶች ወደ ቦርሳው መክተት ጀመሩ። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። የሞቀውም እንደዚያው ነው መሰለኝ። ተነስ አሁን፣ ዳክዬውን አባረህብኛል።»

ጋጋሪው መመለሻውን እንዴት እንደሄደው አያውቅም። ጥፋት ፈልጎ ያጣ ሰው ነበር፤ አሁን አገኘው፣ ሲያገኘው ደግሞ እንዲህ ትንሽ መሆኑ አሳፈረው። ቢሰክር፣ ቢማግጥ ኖሮ ይቅርታ የሚባልበት ነገር ይኖረዋል። መስኮት ከፍቼብሽ ነበር ተብሎ እግር ላይ ይወደቃል? ደግሞስ ትንሽ ነው ወይ? አንድ ጠዋት ተቀምጦ አልቻለውም። እሷ የተቀመጠችውን ጠዋት ሊቆጥር ሞከረና መሃል ላይ ተወው።

አማቱ ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የእንጨት ምድጃው አጠገብ የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ጫፍ እየዘመዘመች ነበር። ስስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። ክንዷን በቀን ብርሃን ካየ ስንት ጊዜው ነው? አባቷ ጠብመንጃውን ሊሰቅሉ ወደ ጓዳ አለፉ፤ ሲመለሱም አልታዩም። እሱ እጁን በዋጠው ሰፊ ሱፍ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ በሩ ላይ ቆመ።

የአባቷን ልብስ መልበሱን አየች። መርፌዋን አቆመች። «በረደህ?»

«በረደኝ» አለ።

ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምታው አታውቅምና ቀና ብላ አየችው።

«ቁጭ ብዬ ነው የበረደኝ» አለ እንደገና፣ ለማስረዳት እየታገለ። «ቁጭ ብሎ ሲበርድ… እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዲህ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ» አለችው፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ስነግርህ ትስቅ ነበር።»

ምድጃው አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ እሷ እስክትጋብዘው ድረስ ወደዚያ አንድ እርምጃ መሄድ አልደፈረም፣ እሷም አልጋበዘችውም። አለቀሰ፤ ብርዱ ያመጣው እንባ ነው ብሎ ለመሸሸግ ሲሞክር ትከሻው ከዳው። እሷ አየችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ዩኒፎርሙን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች።

«እሁድ እመጣለሁ» አለች። «በዚህ ቀሚስ ነው የምመጣው። ሻንጣም ሹራብም አልይዝም። ከገባሁ በኋላ ከበረደኝ ግን ሳልቀመጥ ነው የምመለሰው።»

ጋጋሪው ግራ ገባው። በዚህ ቀሚስ፣ በዚህ ወራት፣ ያን ሁሉ መንገድ? «መንገዱ ላይ ይበርድሻል እኮ! ካፖርት ደርበሽ…»

«የመንገዱን ተወው» አለችው። «የመንገድ ብርድ ያልፋል።»